ስንቅ መያዝ አያሳፍርም



ባለፈው ዓመት ልጆቼን ወደ አንድ መጫወቻ ቦታ ወሰድኩ። ሰው ፊት ፌስታል መፍታት አፍሬ ባዶ እጄን ሄድኩ። ለመጫወቻ የያዝኩት ብር በለስላሳና በብስኩት አለቀ። ልጆቼ የሌላውን ልጅ ጨዋታ አይተው ተመለሱ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ስለዚህ በበኩሌ፣ ብሩ ለጨዋታው ይሁን፣ ምግቡ ከቤት ይምጣ እላለሁ። ዳቦ ቆሎ ቀደም ብሎ ቢሠራ አይበላሽም። ድንችና እንቁላል መቀቀል፣ ጨውና ሚጥሚጣ በወረቀት መጠቅለል ነው። በሶውን ከስኳር ጋር በደረቁ ይዞ እዚያው በውሃ መበጥበጥ ይቻላል፤ ጥምንም ረሃብንም ያስታግሳል። እንጦጦ ለሚወጣ ብርድ አለና ሻይ በፔርሙስ አይረሳ። ወተትና ወጥ ሙቀት ያበላሻቸዋል፣ ይቅሩ። ለሕፃናት ሽምብራ ቆሎና ኦቾሎኒ አይሰጥ፤ ያንቃል።

ምግብ የማያስገቡ ቦታዎች ስላሉ አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ካልተፈቀደ ሳይገቡ በፊት አብልቶ መግባት ነው።

ጎረቤታሞች አብረን ብንሄድ፣ አንዱ ዳቦ አንዱ ሻይ ቢይዝ፣ ወጪው ለሁላችንም ይቀላል። ስንመለስ ግን ፌስታላችንን ጥለን አንምጣ።

የማኅበሩ ጸሐፊ