አይጥ በበላ ሾፌር ለምን ይቀጣል?

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የሚነግድ ሰው የንግዱ መሠረት ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው እህል፣ ሁለተኛውም እህሉን ለገበያ የሚያደርስለት መኪና ነው። ሁለቱ በአንድ ግቢ ባደሩ ጊዜ ግን ሦስተኛ እንግዳ በመካከላቸው ትገባለች፤ እርሷም አይጥ ናት። ከጆንያው ገብሱን በልታ ስትጠግብ ወደ መኪናው ተሻግራ በኮፈኑ ሥር የተዘረጋውን ሽቦ ትቈረጥማለች። በማግሥቱ ሾፌሩ ቍልፉን ሲያዞር ሞተሩ አይነሣም፤ ወይም ይነሣና ከመንገድ አጋማሽ ላይ ይቆማል።

ነገሩ ለሩቅ ሰው ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፣ በክምር ድንጋይና በነፋስ መውጫ አልፎ ወደ ወልድያ በሚሄደው መንገድ ላይ ድንች ወይም ገብስ የጫነ መኪና ቢቆም የሚጠፋው የሽቦው ዋጋ ብቻ አይደለም። የገጠር ትልቅ ገበያ በሳምንት አንድ ቀን የሚውል ስለ ሆነ አንድ ገበያ ያመለጠው ነጋዴ ሳምንት ይጠብቃል፤ ድንቹ ይበሰብሳል፤ ደንበኛው ወደ ሌላ ይሄዳል፤ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ባለሙያ ከደብረ ታቦር ወይም ከባሕር ዳር እስኪመጣ ድረስም ሾፌርና ረዳት በአበል ይቀመጣሉ። ከዚህም የሚከፋው የተራቈተ ሽቦ ከብረት ጋር ሲነካካ የሚያስነሣው እሳት ነው፤ በዚያን ጊዜ መኪናውም ጭነቱም አብሮ ይነዳል።

የአገሬው ሰው «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ይላል። ዛሬም የሚደረገው ይኸው ነው። ሽቦው በተበላ ቍጥር የጥገናውን ወጪ ከሾፌሩ ደመወዝ ላይ የሚቈርጡ ባለ መኪናዎች አይጠፉም። ሾፌሩ ግን መኪናውን ያቆመው ባለ ንብረቱ ባዘዘው ቦታ፣ ብዙውን ጊዜም ከራሱ ከባለ ንብረቱ መጋዘን አጠገብ ነው። አይጥ ደመወዝ ስለሌላት በቅጣት አትመለስም፤ የሚመልሳት ጥንቃቄ ነው። ጥንቃቄውም ከሾፌሩ ይልቅ ከባለ ንብረቱና ዕቃ ከሚያስመጣው ነጋዴ መጀመር ይገባዋል።

አስቀድሞ የጠላትን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። የአይጥ የፊት ጥርስ ዕድሜዋን ሙሉ ሳያቋርጥ የሚያድግ ስለ ሆነ ጠንካራ ነገር እየፋቀች ካላሳጠረችው በቀር መብላት እስኪያቅታት ድረስ ይረዝማል። የሽቦ ልባስ ለዚህ ሥራ ይመቻታል። ሁለተኛው ምክንያት ሙቀት ነው። ነፋስ መውጫ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት፤ ጠባይዋንም ስሟ ይናገራል። ብርድ ከጕና ተራራ በሚወርድበት ሌሊት፣ ማታ ከመንገድ የገባ መኪና ሞተር ለብዙ ሰዓት ሙቀቱን ይዞ ይቈያል፤ ለአይጥም ከዚህ የተሻለ ማደሪያ የለም። ሦስተኛው ምክንያት እህል ነው። መኸር ተሰብስቦ ማሳው ባዶ ሲሆን የሜዳ አይጥ እህሉን ተከትላ ወደ አውድማና ወደ ጎተራ ትመጣለች፤ በጭነት መኪናው ወለል ላይ የተንጠባጠበው ጤፍና ገብስም እስከ ሞተሩ ድረስ መንገድ ያሳያታል።

በዚህም ላይ አይጥ አጥብቃ የምትወደው የቆመ መኪና ነው። በየቀኑ የሚንቀሳቀስ መኪና ጎጆ ሠርቶ ለመውለድ አይመቻትም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ምክንያት መንገድ በተዘጋ ቍጥር፣ ነዳጅም በጠፋ ቍጥር፣ መኪና ለቀናትና ለሳምንታት ከግቢ ሳይወጣ የሚቆምበት ጊዜ በዝቷል። ስለዚህ ቀድሞ አልፎ አልፎ ይደርስ የነበረው ጉዳት አሁን ለንግድ ሰው ሁሉ የሚያሠጋ ሆኗል።

ይህ ችግር የድኻ አገር ብቻ አይደለም። በጀርመን አገር ማርደር የሚባል፣ ድመት የሚያህል አውሬ ሌሊት በሞተር ሥር እየገባ ሽቦና የጎማ ቱቦ ይነክሳል፤ በቅርብ ዓመታትም የዚያ አገር የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ለዚህ ብቻ በዓመት ከ200,000 በላይ የካሣ ጥያቄ ተቀብለዋል። በአሜሪካም በ2016 እ.ኤ.አ. የሽቦው ልባስ ከአኵሪ አተር በወጣ ነገር ስለ ተሠራ አይጥ ይስባል ተብሎ በመኪና ፋብሪካ ላይ ክስ ቀርቧል። ሆኖም አይጥ ከነዳጅ ዘይት በሚሠራው በቀድሞው ልባስ ላይም ጥርሷን ስታሳርፍ ኖራለች፤ ስለዚህ ፋብሪካው እስኪያሻሽለው እጅን አጣጥፎ መጠበቅ ንግድን አያድንም። ኢንሹራንስ የሚገባ ሰውም በአይጥ የሚደርስ ጉዳት በውሉ መካተት አለመካተቱን ከመፈረሙ በፊት አንብቦ ቢጠይቅ ከኋላ ክርክር ይድናል።

መከላከያው ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። አንደኛ፣ ጭነት በተራገፈ ቍጥር የመኪናው ወለልና ካቢናው በመጥረጊያ ይጠረግ፤ የምግብ ትራፊም በውስጡ አይደር። ሁለተኛ፣ መኪናው ከጎተራ፣ ከገለባ ክምርና ከቍጥቋጦ አጥር ርቆ ሜዳ ላይ ይቁም። ሦስተኛ፣ ንጹሕ አየር የሚገባበት ቀዳዳ በሽቦ ወንፊት ይሸፈን፤ ትንሽ አይጥ ከ1 ሳንቲ ሜትር በሚያንስ ቀዳዳ ስለምታልፍ የወንፊቱ ዓይን ከ6 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። ወንፊቱ ግን የሞተሩን ማቀዝቀዣ እንዳይዘጋ ወይም የሚዞር ነገር እንዳይነካ በባለሙያ ይታሰር። አራተኛ፣ ሽቦው በጠንካራ ቱቦ ውስጥ እንዲያልፍ ይደረግ። አምስተኛ፣ ሁልጊዜ ጧት ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ኮፈኑ ተከፍቶ በጠጥ፣ የገለባ ጎጆ ወይም የተፋቀ ሽቦ መኖሩ ይታይ። ለብዙ ቀን የሚቆም መኪና ከሆነም ከባትሪው ላይ የኔጋቲቩ ሽቦ ይፈታ፤ ሽቦ ቢበላ እንኳ እሳት አይነሣምና። ቆዳና ሥብ ያመላለሰ መኪናም ሽታው ጅብ ስለሚጠራ፣ ጅብም የጎማ ቱቦ ከመንከስ ስለማይመለስ፣ ታጥቦ በታጠረ ግቢ ይደር።

መድኃኒት የሚመስሉ ነገር ግን ጉዳት የሚያመጡ ልማዶችም አሉ። ናፍጣ ወይም ቤንዚን በሽቦ ላይ መቀባት ልባሱን ያበላሻል፤ እሳትንም ይጋብዛል። እህል በሚጫንበት መኪና ውስጥ መርዝ መበተን እህሉን የሚበላውን ሰው አደጋ ላይ ይጥላል፤ የተመረዘች አይጥ የበላች ድመትም ትሞታለች፤ ድመቷ ስትሞት ደግሞ አይጥ ይበዛል። ከመርዝ ይልቅ ወጥመድ ይሻላል። ሚጥሚጣ መነስነስም ዝናብና ትቢያ እስኪያነሣው ድረስ ብቻ የሚያገለግል፣ የመካኒኩንም ዓይን የሚያቃጥል ነው። የተበላን ሽቦ በቀጭን ሽቦ ቀጥሎ በናስትሮ መጠቅለልም ትልቅ ስሕተት ነው፤ ቀጭኑ ሽቦ ይግላል፤ በየጊዜው በተቃጠለ ቫልቮላ ፈንታ ወፍራም ሽቦ ሲገባበት ደግሞ እሳቱን የሚያግደው ነገር አይኖርም።

እዚህ ላይ የአስመጪው ነጋዴ ኀላፊነት ይመጣል። ጎማ፣ ፍሬንና ዘይት በየሱቁ ሲገኝ የሽቦ መከላከያ ቱቦ፣ ትክክለኛ ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦና የሽቦ ወንፊት ግን ጎማና ዘይት በሚሸጥበት መደርደሪያ ላይ ቦታ ሊያገኝ ይገባዋል። የጃፓኑ የሆንዳ ኩባንያ በርበሬን የሚያቃጥለው ቅመም የገባበት ናስትሮ ለዚሁ ሥራ ይሸጣል፤ እንዲህ ያለውን ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ ገዢ አያጣም። ከዚህም በቀር መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሠሩት በዝተዋል። የእነዚህ ብርቱካንማ ቀለም ያላቸው ወፍራም ሽቦዎች ሰው የሚገድል ኀይል የሚያልፍባቸው ስለ ሆኑ ያልሠለጠነ ሰው ሊነካቸው አይገባም። መኪናውን የሚያስመጣ ነጋዴ መለዋወጫ ሽቦውንና የሚጠግነውንም ሰው አብሮ ማሰብ አለበት።

«አይጥ የት የለም? ይህ ሁሉ ወጪ ለምን?» የሚል አይጠፋም። አይጥ በእርግጥ በሁሉም ቦታ አለች፤ በሁሉም ቦታ ግን አትጎዳም፤ የምትጎዳው በር በተከፈተላት ዘንድ ነው። የጥቂት ሜትር ቱቦና የአንድ ክንድ ወንፊት ዋጋ መኪና ቆሞ ከሚውልበት ከአንድ የገበያ ቀን ኪሳራ ጋር ቢመዛዘን ከቍጥር የሚገባ አይደለም።

በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲወስዱ በጋይንት በኩል ገደሉን እያስቈፈሩ በሰው ጕልበት አስጎትተዋል። ዛሬ በዚያው አገር መኪና የሚሄድበት መንገድ አለ። ያ ሁሉ ድካም ያላቆመውን ጕዞ የአይጥ ጥርስ ሲያቆመው ዝም ብሎ ማየት አይገባም። ባለ መኪናው ቱቦውን ይግዛ፤ አስመጪው ያቅርብ፤ ሾፌሩም ጧት ጧት ኮፈኑን ይክፈት፤ ደመወዙ ግን አይቈረጥ።