ከማጅራት በኩል ያለውን መስመር ማን ያየዋል?

ፍሬንች ሹሩባን በገዛ እጅ መሥራት የሚያስተምሩ አጫጭር ቪዲዮዎች ቲክቶክንና ዩቲዩብን ሞልተውታል። ትምህርቱ ቀላል ይመስላል። ፀጉር ባለ ጭራ ማበጠሪያ ይዞ ከግንባር እስከ ማጅራት ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን እንዳይቀላቀል ይታሰራል። በሌላው ወገን ከግንባር ላይ ትንሽ ፀጉር ተይዞ ለሦስት ይከፈልና መጎንጎን ይጀመራል፤ በየዙሩም ከግራና ከቀኝ ጥቂት ጥቂት እየተጨመረ ወደ ኋላ ይወርዳል።

መሃሉ ላይ ያለው መስመር ጎልቶና ቀጥ ብሎ እንዲታይ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ የሚጨመረው ፀጉር ከመስመሩ ወዲህ ያለው ብቻ መሆን አለበት። አንዲት ዘለላ ከወዲያ ማዶ ከመጣች መስመሩ ይበላሻል። እጅም ከራስ ቅል መራቅ የለበትም፤ ከራቀ ሹሩባው ይላላል።

እስከ ጆሮ ድረስ መስታወት ያግዛል። ከጆሮ ወዲያ ግን ክንድ ይዝላል፣ መስታወቱም አያሳይም፤ ጣት በዳሰሳ ብቻ ይሠራል። መስመሩ ብዙ ጊዜ የሚጣመመውም እዚያው ማጅራት ላይ ነው።

የራስን ፀጉር በራስ እጅ መሥራት መቻል መልካም ነው። ገንዘብና ጊዜ ይቆጥባል፣ በራስ መተማመንንም ይሰጣል። ነገር ግን ከቡልጋሪያ እስከ ካዛንቺስ ባለው የቂርቆስ ክፍለ ከተማ አካባቢ ለኖረች ሴት፣ ዛሬ ብቻዋን መስታወት ፊት የመቀመጧ ምክንያት ሁልጊዜ ምርጫ አይደለም። ሹሩባዋን ትሠራላት የነበረችው ሴት አሁን የት እንዳለች ላታውቅ ትችላለች።

ሙያው እንግዳ አይደለም። «ፍሬንች» ይባል እንጂ፣ እየጨመሩ መጎንጎን የኢትዮጵያ እጅ አሳምሮ የሚያውቀው ነገር ነው። የእኛው ሹሩባ መስመሩ ይቀጥናል፣ ይበዛል፤ አሠራሩ ግን ዘመዳሞች ናቸው። በነሐሴ የአሸንዳ፣ የሻደይና የአሸንድዬ ልጃገረዶችን ፀጉር ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አስተማሪ አያስፈልገውም። ስሙ ከውጭ መምጣቱም አያስደንቅም። ካዛንቺስ ራሱ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ይሠራ ከነበረው ድርጅት ምሕጻረ ቃል ነው፤ ቡልጋሪያም የተጠራው በኤምባሲ ነው። ስሙ ከየትም ይምጣ፣ ሥራው የሰፈር ነው።

የሰፈር ሥራ ሲባል ምን ማለት ነው? ሹሩባ ሠሪ ትልቅ ማሽን የላትም። በርጩማ፣ ማበጠሪያ፣ ቅባትና ጥላ ያለው ደጃፍ ይበቃታል። ዋናው ሀብቷ በየሁለትና በየሦስት ሳምንቱ ተመልሶ የሚመጣው ደንበኛ ነው። ደንበኛዋ «ደሞዝ ሲወጣ እሰጥሻለሁ» ስትላት ታምናታለች። የማንኛዋ ራስ ቶሎ እንደሚቆስል፣ የማንኛዋ ፀጉር ግንባሯ ላይ እየሳሳ እንደመጣ ታውቃለች።

ይህ እውቀት ተራ ነገር አይደለም። ሹሩባ አዘውትሮ ሲጠብቅ የፀጉሩን ሥር ይጎዳል፤ ከግንባርና ከጆሮ ግንድ አካባቢ ፀጉር ይሳሳል፣ ለረጅም ጊዜ ችላ ከተባለም ተመልሶ ላይበቅል ይችላል። ሹሩባ በተሠራ ማግሥት የሚያም ወይም ትናንሽ እብጠት የሚያወጣ ከሆነ ከመጠን በላይ ጠብቋል ማለት ነው። ለዓመታት አንድን ራስ የሠራች እጅ ይህን ቀድማ ታያለች፤ «ዘንድሮ ላላ እናድርገው» የምትለውም እሷ ናት። ስልክ ይህን አይልም።

በ2017 ዓ.ም. በሁለተኛው ዙር የኮሪደር ልማት የካዛንቺስ ሰፊ ክፍል ፈረሰ። ብዙ ነዋሪዎችም በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ወደሚገኘው ገላን ጉራ ተዛወሩ። ያረጁና የተጨናነቁ ቤቶች ነበሩ፤ የተሻለ ቤት ያገኘ ሰው ማግኘቱ የሚካድ አይደለም። ጥያቄው ከቤቱ ጋር አብሮ ያልተቆጠረው ነገር ነው። ሠሪዋ አንድ ቦታ፣ ደንበኞቿ በየአቅጣጫው ሲበተኑ ማንም ንብረት ወሰደ አይባልም። እሷ ግን ከስራለች።

ይህ ጉዳይ ሕግ ጨርሶ ያላሰበው አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ይዞታ ለሕዝብ ጥቅም የሚለቀቅበት አዋጅ ቁጥር 1161 ከንብረት ካሳ አልፎ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥም ካሳ እንደሚገባ ተቀብሏል። ሰፈር ከግድግዳና ከጣሪያ በላይ መሆኑን ሕግ አውጪው አምኗል ማለት ነው። ነገር ግን አዋጁ በዋናነት የሚያናግረው ባለይዞታውን ነው። በሰው ደጃፍ በርጩማ አስቀምጣ የምትሠራ ሴት ይዞታ የላትም፤ ብዙ ጊዜ ንግድ ፈቃድም የላትም። ትስስሩ በእጇ ያለው እሷ ሆና ሳለ በወረቀት ላይ የለችም።

«ሹሩባ ሠሪ ዕቃዋ ማበጠሪያ ነው፤ የትም ሄዳ ትሠራለች» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ማበጠሪያው በቦርሳ ይገባል። ደንበኛ ግን በቦርሳ አይገባም። አዲስ ሰፈር ላይ እምነት እስኪገነባ ወራት ይፈጃል፤ የቤት ወጪ ደግሞ ወራት አይጠብቅም። ወደ ቀድሞ ደንበኞቿ በየቀኑ ልመላለስ ብትል የታክሲው ዋጋ ትርፏን ይበላዋል።

ይህች አገር ለሹሩባ ክብር መስጠት የማታውቅ አይደለችም። አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ከሞቱ በኋላ የተወሰደው ጉንጉን ፀጉራቸው፣ ከ151 ዓመት በኋላ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ለንደን ከሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ተመልሷል። ለመረከብም ሚኒስትር ተጉዛለች፤ ተገቢም ነበር። ለንጉሥ ፀጉር ባሕር የተሻገረ መንግሥት፣ ያንን ሙያ ዛሬም ይዘው ላሉ እጆች ከተማ ውስጥ ጥቂት ካሬ ሜትር ቢፈልግ ይከብደዋል?

የሚጠየቀው ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ ሰፈር ከመነሣቱ በፊት የሚደረገው ምዝገባ ቤቶችን ብቻ ሳይሆን በሰፈሩ የሚሠሩ ሰዎችንም ይቁጠር፤ ካርታና ፈቃድ ያለውንም የሌለውንም። ሁለተኛ፣ በአዲሱ ሰፈር ምድር ቤት ላይ፣ እንደገና በሚገነባው ካዛንቺስም ውስጥ፣ በአነስተኛ ኪራይ የሚሰጡ ጠባብ የሥራ ቦታዎች ይኑሩ። ሦስተኛ፣ ሙያውን ከእናቷና ከጎረቤቷ የተማረች ሴት ክፍል ገብታ ባትማርም የሙያ ብቃት ምዘና ተፈትና የምስክር ወረቀት የምታገኝበት መንገድ በወረዳዋ ይነገራት። ወረቀት ከሌላት በቀጣዩ ምዝገባም አትቆጠርምና።

«የላጭን ልጅ ቅማል በላት» ይባላል፤ የሌላውን ራስ የሚያሳምር ለራሱ ሲሆን እጁ ያጥራል። ለዚህ ነው ሹሩባ ከጥንት ጀምሮ የሁለት ሰው ሥራ የሆነው፤ አንዷ ትቀመጣለች፣ ሌላዋ ከኋላዋ ቆማ ትሠራለች። ልጆች በገዛ እጃቸው መሥራትን ከስልክ ይማሩ፤ ይበል የሚያሰኝ ነው። ከተማዋ ግን ሌላ ሰፈር ለማንሣት ስትነሣ፣ ከማጅራት በኩል ያለውን መስመር ታይ የነበረችውን ሴትም በመዝገቧ ላይ ታስፍር።