ለውጥን የሚፈራው ማን ነው?

በፓሎ አልቶ፣ በአዲሰን ጎዳና ቁጥር 367 ላይ ያለችው ትንሽ ጋራዥ «የሲሊከን ቫሊ የትውልድ ሥፍራ» የሚል የመታሰቢያ ሰሌዳ ቆሞላታል። ቢል ሂውሌትና ዴቪድ ፓካርድ ኩባንያቸውን የመሠረቱት በዚያ፣ በ1939 እ.ኤ.አ. ነው። ስለ ሥራ አመራር ለሚያስብ ሰው ግን የሚበልጠው ዓመት 1970 ነው። የኢኮኖሚ ድቀት ገበያውን ሲያቀዘቅዘው ኩባንያው ከሠራተኞቹ አንድ አሥረኛውን ማሰናበት ይችል ነበር። አላደረገውም። ከላይ ከአለቆቹ ጀምሮ የሁሉንም ደመወዝና የሥራ ሰዓት በ10 በመቶ ቀነሰ፤ ሠራተኛው በየሁለት ሳምንቱ አንድ ዓርብ እያረፈ ክፉውን ጊዜ ተሻገረ።

በ2001 ያው ኩባንያ ሠራተኞቹ በፈቃዳቸው ደመወዛቸውን እንዲቀንሱ ጠየቀ። ከ80 ሺህ በላይ ሰዎች እሺ አሉ። ሳምንታት አልፈው በሐምሌ የ6,000 ሠራተኞች ስንብት ታወጀ። ከዚያ ወዲያ ስለ መተማመን የሚሰጥ ሥልጠና ምን ጆሮ ያገኛል?

በኢትዮጵያ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ማሻሻያ ሲከሽፍ በሪፖርቱ የሚሰፍረው ምክንያት አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ የአመለካከት ችግር፣ የክህሎት ክፍተት፣ የግብዓት እጥረት። (ለምክር የሚጠራው የዳያስፖራ ባለሙያም ብዙ ጊዜ ይህንኑ ባማረ ስላይድ ይዞ ይመለሳል።) ቢፒአር መጣ፤ ቢኤስሲ ተከተለ፤ የለውጥ ሠራዊት በአንድ ለአምስት ተደራጀ። ከሁሉም የተሻለ ዕድል የነበረው ካይዘን ነው። በጃይካ ድጋፍ ከ2009 እስከ 2011 እ.ኤ.አ. በ30 ድርጅቶች ተሞከረ፤ በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ዕቃው በየፈርጁ ተለየ፣ ወለሉ ጸዳ፣ መስመር ተሰመረ። የካይዘን ልብ ግን ወለሉ ላይ አይደለም።

ልቡን ለማየት ከፓሎ አልቶ የደምባርተንን ድልድይ ተሻግሮ እስከ ፍሪሞንት መሄድ ይበቃል። ጄነራል ሞተርስ በ1982 የዘጋው የፍሪሞንት ፋብሪካ ከአምስት ሠራተኞች አንዱ ከሥራ የሚቀርበት፣ በጠብና በአቤቱታ የተሞላ ነበር። በ1984 ከቶዮታ ጋር በሽርክና፣ ኑሚ በሚል ስም ሲከፈት ከተቀጠሩት አብዛኞቹ እነዚያው «አስቸጋሪ» የተባሉት ሰዎች ነበሩ፤ ማኅበራቸውም ያው ነበር። በሁለት ዓመት ገደማ በጥራት ከጄነራል ሞተርስ ፋብሪካዎች ከፊተኞቹ ተሰለፉ። የእነዚህ ሁሉ ሰዎች ጠባይ በሁለት ዓመት ተለወጠ የሚል ካለ ያስረዳ። የተለወጠው ውሉ ነው። ጉድለት ያየ ማንኛውም ሠራተኛ ገመዱን ስቦ የማምረቻውን መስመር ማስቆም ተፈቀደለት። አመራሩም ሠራተኛ ከመቀነሱ በፊት የራሱን የኃላፊዎች ደመወዝ እንደሚቀንስ በጽሑፍ ቃል ገባ። በ1988 ሽያጭ ሲያሽቆለቁል ቃሉ ተፈተነ፤ ሥራ የጎደለበት ሠራተኛ ወደ ሥልጠና እንጂ ወደ ቤቱ አልተላከም።

የዚህ ምክንያት ምሥጢር አይደለም። አምስት ሰው የሚሠራውን በአራት መሥራት እንደሚቻል የሚያውቀው ሥራው ላይ ያለው ሰው ነው፤ አምስተኛው ራሱ እንደማይሆን ዋስትና ከሌለው ግን ዝም ይላል። ዘንድሮ ከዕቅዱ በላይ የሠራም በከርሞው ዕቅዱ እንደሚጫንበት ያውቃል። «ጎመን በጤና» ማለቱ ስንፍና አይደለም፤ ትክክለኛ ሒሳብ ነው። ሒሳቡን የሚሠራለት ደግሞ አለቃው ነው።

የኢትዮጵያ የመንግሥት ሠራተኛ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስላልታቀፈ የሚከራከርለት ማኅበር የለውም። ሐሳቡን እንዲናገር የሚጋበዘው በግምገማ መድረክ ነው፤ መድረኩን የሚመራውና የሥራ አፈጻጸም ውጤቱን የሚሞላው ግን አንድ ሰው ነው።

የመንግሥት ሠራተኛ ከልክ ያለፈ ዋስትና አለው፣ ማሰናበት እንኳ አይቻልም የሚል መልስ ይሰማል። በከፊል እውነት ነው። ከደመወዝ መዝገብ አለመሠረዝ ግን አንድ ነገር ነው፤ «ይህ አሠራር ስህተት ነው» ብሎ በማግስቱ ካልፈለጉት ቦታ አለመዛወር ሌላ ነው። ድሃ አገር ይህን ዋስትና አይችለውም የሚለው ክርክር ደግሞ ከዚህ የደከመ ነው። ከሠራተኛው 10 በመቶውን ማሰናበትና የሁሉንም ደመወዝ 10 በመቶ መቀነስ ለካዝናው የሚያተርፉት ተቀራራቢ ነው። ልዩነቱ በሁለተኛው አለቃውም ከከፋዮቹ መካከል መቆጠሩ ነው።

ኑሚም ዘላለማዊ አልሆነም። በ2009 ጄነራል ሞተርስ ከስሮ ወጣ፤ ቶዮታ በሚያዝያ 2010 ፋብሪካውን ዘጋው። ቃሉ ግን ሩብ ምዕተ ዓመት ሠርቷል፤ ይህን ያህል ዕድሜ ያገኘ የለውጥ መርሐ ግብር አዲስ አበባ ውስጥ ማን ያሳየናል?

ቀጣዩ የለውጥ ሰነድ ሲረቀቅ በአማካሪነት የሚጠራ ባለሙያ ስላይዱን ከመክፈቱ በፊት ሚኒስትሩን አንድ ነገር ይጠይቅ፤ ማሻሻያው ቢከሽፍ ከእርስዎ ምን ይጎድላል? መልስ ካላገኘ ትኬቱን መመለስ ይችላል።