እናት ናርማዳና የግድቡ ቁልፍ

በዚህ ሳምንት ወደ ሕንድ እንዝለቅ። ማድያ ፕራዴሽ በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ ናርማዳ ወንዝ መካከል፣ እንደ ጣና ገዳማት በውሃ የተከበበች ማንዳታ የምትባል ደሴት አለች። በላይዋ ያለው የኦምካሬሽዋር መቅደስ ሂንዱዎች ለሺቫ እጅግ ቅዱስ ከሚሏቸው 12 ታላላቅ መቅደሶች አንዱ ነው። ደሴቲቱም «ኦም» የሚለውን ቅዱስ ፊደላችንን ትመስላለች ይላሉ። ካርታ አይቶ መፍረድ የአንባቢ ፈንታ ነው፤ አማኝ ግን በካርታ አይከራከርም።

ተሳላሚው መጀመሪያ ወንዙ ውስጥ ይነከራል። ከዚያም ውሃ ቀድቶ፣ አበባና ቅጠል ይዞ ወደ መቅደሱ ይወጣል። ጉልበት ያለው ደሴቲቱን በእግሩ ይዞራል፤ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚህ የባሰባቸውም አሉ። 1,312 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን ወንዝ በአንዱ ዳር ወርደው በሌላው ዳር ይመለሳሉ። ወንዙ ምንጊዜም በቀኝ እጃቸው መሆን አለበት፤ መሻገር ክልክል ነው። በጥንቱ ደንብ ጉዞው 3 ዓመት ከ3 ወር ከ13 ቀን ይፈጃል። እኛ አውቶቡስ 10 ደቂቃ ሲዘገይ እንራገማለን!

ማታ ሲሆን ካህናቱ ለሺቫና ለሚስቱ ለፓርቫቲ አልጋ አንጥፈው፣ የዳይስ መጫወቻ ዘርግተው በሩን ይዘጋሉ። ባልና ሚስት ሌሊቱን ሲጫወቱ ያድራሉ ተብሎ ይታመናል። የእነሱ እምነት የእኛ ባይሆንም፣ አምላክን እንዲህ እንደ ቤተ ዘመድ ማስተናገድ ልብ ይነካል።

ነገሩ የሚመረው ከዚህ በኋላ ነው። ለአማኙ ናርማዳ እናት ናት። የእናት ቁጣ ደግሞ ምልክት አለው፦ ይዘንባል፣ ውሃው ይደፈርሳል፣ ሰውም ይሸሻል። የዛሬዋ ናርማዳ ቁልፍ ግን በመሐንዲስ እጅ ነው። ከደሴቲቱ በላይ ኢንድራ ሳጋር የሚባል ትልቅ ግድብ አለ፤ ደሴቲቱ አፍንጫ ሥር ደግሞ በ2007 ሥራ የጀመረው፣ 520 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የኦምካሬሽዋር ግድብ ተገትሯል።

ሚያዝያ 2005 ላይ፣ ከደሴቲቱ ሽቅብ ዳራጂ በሚባል ቦታ፣ ጨረቃ በጠፋችበት ሌሊት ለመታጠብ የተሰበሰበውን ሕዝብ ከኢንድራ ሳጋር የተለቀቀ ውሃ ድንገት ደረሰበት። ከ60 በላይ ሰው ሞተ። ወሩ የዝናብ ወር አይደለም። በዓሉም ድብቅ አይደለም፤ በየዓመቱ የሚከበር ነው። ለመሆኑ ውሃ የሚለቅ መሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ የበዓላት መቁጠሪያ መስቀል ስንት ብር ይፈጃል?

በ2012 ደግሞ የኦምካሬሽዋር ግድብ ውሃ መሬታቸውን የበላባቸው የጎጋልጋዎን ገበሬዎች እስከ አንገታቸው ውሃ ውስጥ ቆሙ። 17 ቀን! ቆዳቸው ተላጠ። በመጨረሻ መንግሥት ውሃውን ዝቅ ሊያደርግና በመሬት ፈንታ መሬት ሊሰጥ ቃል ገባ። በ2023 እዚያችው ደሴት ላይ ለጥንቱ መምህር ለሻንካራ 108 ጫማ ሐውልት ቆመ። ለሐውልቱ ገንዘብ አልጠፋም።

ሂንዱዎች ከናርማዳ የሚወጣ ለስላሳ ድንጋይ ሁሉ ሺቫ ነው ብለው ያከብራሉ። ዝነኛዎቹ ድንጋዮች ፏፏቴው እያሽከረከረ የሚቀርጻቸው የዳራጂዎቹ ነበሩ። ያ ቦታ ዛሬ የለም፤ የኦምካሬሽዋር ግድብ ውሃ ውጦታል።