ለማገዶ የሚጣለው ቁርጥራጭ

በየገበሬ ማኅበሩ በአናጢ ደጃፍ ከበርና ከድግር ሥራ የተረፈ የዋንዛና የወይራ ቁርጥራጭ ማገዶ ሲሆን ይታያል። ጠቆር ያለው ወይራ ከፈዛዛው ዋንዛ ጋር እየተፈራረቀ ቢጣበቅ ግን ዓይን የሚስብ መክተፊያ ይወጣዋል፤ የእደ ጥበብ ሠራተኞቹን ላደራጀ ማኅበርም ገቢ ያስገኛል።

ሥራው ቀላል ቢመስልም ጥንቃቄ ይሻል። እንጨቱ በጥላ ሥር በሚገባ ካልደረቀ መጋጠሚያው ይላቀቃል። እንጨት የሚያብጠውና የሚኮማተረው ከርዝመቱ ይልቅ በወርዱ ስለሆነ የቁርጥራጩ ሁሉ መስመር ወደ አንድ አቅጣጫ መዋል አለበት። ወይራ ከዋንዛ እጅግ ይጠነክራልና ቢላዋ የሚያርፍበት መካከሉ ወይራው ቢበዛ፣ ዳሩ ዋንዛ ቢሆን ይመረጣል። ኮላው ውኃ የማይፈታው፣ መቀቢያው ንጹሕ የተልባ ዘይት ይሁን፤ ለቀለም ሥራ የተዘጋጀ ዘይት ለምግብ ዕቃ አይሆንም።

ገበያው ሲደራ ቁርጥራጩ ማለቁ፣ ዓይን ሁሉ ወደ ቆመው ዛፍ መዞሩ አይቀርም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን ዐዋጅ ዋንዛ ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጥድ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ የከለከለው ያለ ምክንያት አልነበረም። ስለዚህ የማኅበሩ መሪዎች ሥራው ከመጀመሩ በፊት ጠቅላላ ጉባኤውን ጠርተው ለመክተፊያ ሲባል አንድም ዛፍ እንዳይቆረጥ ሊያስወስኑ፣ ተቆጣጣሪም ሊያስመርጡ ይገባል።