መኪናውንስ ማን ጠየቀው?

የአገራችን የመኪና አደጋ ዜና ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። «በፍጥነት በማሽከርከር»፣ «ለእግረኛ ቅድሚያ ባለመስጠት»፣ አልፎ አልፎ ደግሞ «ፍሬን እምቢ ብሎት»። ሾፌሩ ይታሰራል፣ ሟች ይቀበራል፣ ለቅሶ ላይ «ቀኑ ደርሶ ነው» ይባላል። የተጨራመተው መኪና በሳምንቱ ጋራዥ ገብቶ ይቀጠቀጣል ወይም መለዋወጫው ተፈቶ ይሸጣል። በእኔ እምነት እዚህ ጋ አንድ ተጠያቂ ድምፁን አጥፍቶ ያመልጣል፤ መኪናውን የሠራው።

አብዛኛው አደጋ የሰው ጥፋት መሆኑን አልክድም። ግን «አብዛኛው» ማለት «ሁሉም» ማለት አይደለም።

የጄኔራል ሞተርስን ነገር እንይ። የአንዳንድ መኪኖቹ የቁልፍ ማስነሻ ልል ስለነበር በጉዞ ላይ እያለ በራሱ ይዞራል። ሞተር ይጠፋል፣ መሪው ይከብዳል፣ ግጭት ሲመጣ ኤርባጉ አይከፈትም። ኩባንያው ችግሩን ለዓመታት እያወቀ ዝም ብሎ ነበር። ነገሩን ያወጣው ልጃቸውን በጆርጂያ ግዛት ያጡ ወላጆች ክስ ነው። የእነሱ ባለሙያ የመኪናውን ማስነሻ ከአዲሱ ጋር ሲያነጻጽር፣ ኩባንያው ዕቃውን በድብቅ አሻሽሎ የዕቃውን መለያ ቁጥር ግን እንዳልቀየረ ደረሰበት። እ.ኤ.አ. በ2014 በዚህ ምክንያት 2.6 ሚሊዮን ያህል መኪኖች ለጥገና ተጠሩ፤ የካሳ ፈንዱም 124 ሰዎች መሞታቸውን ተቀበለ። ከነዚያ ሟቾች ስንቱ መጀመሪያ «የሾፌር ጥፋት» ተብሎ ተመዝግቦ ይሆን?

«የፈረንጅ ወሬ ነው፣ እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ያገባናል። ታካታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራቸው ኤርባጎች በሙቀትና በእርጥበት ብዛት ዓመታት ሲያልፉ ውስጣቸው ያለው ኬሚካል ይበላሻል፤ በቀላል ግጭት እንኳን ፈንድተው ብረት ይረጫሉ። በአሜሪካ ብቻ ከ20 በላይ ሰው ሞቶባቸዋል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2017 ጥፋቱን በፍርድ ቤት አምኖ በዚያው ዓመት ከሰረ። በነዚህ ኤርባጎች ምክንያት ለጥገና ከተጠሩት መካከል ኮሮላና ቪትዝ ይገኙበታል። አዎ፣ ቪትዝ! በየቴሌግራም ቻናሉ የምናያት። ገዢው ስንት ኪሎ ሜትር እንደነዳች፣ ቀለሟ የፋብሪካ መሆኑን ይጠይቃል። ኤርባጓ ተቀይሮ እንደሆነ ሲጠይቅ ያየሁት ሰው ግን የለም።

ሕጉስ ምን ይላል? የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2085 ዕቃ ሠርቶ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፣ ዕቃው በአግባቡ አገልግሎት ላይ እያለ ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ጉድለቱ በተለመደ ፍተሻ የሚታይ ከነበረ ያመልጣል፤ ግን ኤርባግ ውስጥ ያለ ኬሚካል በየትኛው ፍተሻ ይታያል?

በሌላ በኩል አንቀጽ 2081 የመኪናውን ባለቤት፣ ጥፋት ባይኖርበትም፣ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። እስቲ አስበው፦ በብድር የገዛሃት መኪና በፋብሪካ ጉድለት እግረኛ ብትገጭ መጀመሪያ የምትጠየቀው አንተ ነህ። አምራቹን ካልጠየቅከው የእሱን ዕዳ ነው የምትከፍለው።

«ከአዲስ አበባ ሆኖ ማን ግዙፍ ኩባንያ ይከሳል?» ይባል ይሆናል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አቅራቢያ የወደቀውን አውሮፕላናችንን እናስታውስ። 157 ሰው አለቀ። ያኔም ጣታቸውን በአብራሪዎቹ ላይ የቀሰሩ ነበሩ። ቤተሰቦች ግን ቺካጎ ድረስ ሄደው ከሰሱ፤ ቦይንግም እ.ኤ.አ. በ2021 ኃላፊነቱን በፍርድ ቤት ተቀበለ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ማለት ይሄ ነው።

ለመኪና ግን ሁሉም ሰው ቺካጎ ይሂድ አልልም። አንቀጽ 2085 የሚናገረው ስለ አምራች ነው፤ አምራቹ ደግሞ ባሕር ማዶ ነው። እዚህ ያለው አስመጪው ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ ኤሌክትሪክ መኪናው በገፍ እየገባ ነው። ባትሪውም ሶፍትዌሩም ለጋራዦቻችን አዲስ ነው። ስለዚህ ሕጉ አስመጪውን በግልጽ ይጥራው፤ የሸጠው መኪና ለጥገና ሲጠራ ገዢውን ፈልጎ የማሳወቅና የማስጠገን ግዴታ ይኑርበት። ትርፉን የወሰደ ኃላፊነቱንም ይውሰድ።

እስከዚያው ስልካችን በእጃችን ነው። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ፈልጉት። ለጃፓን ገበያ የተሠራች ቪትዝ ቁጥሯ ከ17 አሃዝ ያነሰ ስለሆነ የአሜሪካው መፈለጊያ ላይ አትገኝም፤ የጃፓኑን ድረ ገጽ ክፈቱ። አደጋ ከደረሰና ኤርባጉ ካልተከፈተ፣ ወይም ፍሬኑ ያለ ምክንያት ከጠፋ፣ ፎቶና ቪዲዮ አንሱ፤ መኪናው በባለሙያ ሳይታይ አይፈታ፣ አይሸጥ። ካሳ የመጠየቂያው ጊዜ 2 ዓመት ብቻ ነው።

የትራፊክ ፖሊስም ቅጹን ሲሞላ «ሾፌሩ ምን አጠፋ?» ከሚለው ቀጥሎ አንድ ጥያቄ ይጨምርልን፦ መኪናውስ?