ሲጋራ ለሚተው ሰው ኪኒን አናቀብል

የሲያትል ቢከን ሂል ወገኖቼ፣ በአንድ ነገር እንስማማ። ሰው ሲጋራ ሊተው ሲነሳ ከቦርሳችን የጭንቀት ኪኒን አውጥተን ማቀበል ይብቃን።

ነገሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። አንዱ «ሲጋራ ተውኩ፣ ግን እንቅልፍ የሚባል ከዓይኔ ጠፋ» ሲል ከጎኑ አዛኝ አይጠፋም። «ለእኔ ሐኪም ያዘዘልኝ አለች፤ ግማሿን ዋጥና ተኛ» ይባላል። ኪኒኗ በሶፍት ተጠቅልላ ከመዳፍ ወደ መዳፍ ታልፋለች። ቫሊየም ትሁን አቲቫን፣ ከአዲስ አበባ በሻንጣ የመጣች ትሁን እዚሁ ከፋርማሲ የወጣች፣ ሰጪውም ተቀባዩም አይጠያየቁም። ክፋት የለበትም፤ ደግነት ነው። ለማስቆም የሚያስቸግረውም በደግነት የሚሰጥ በመሆኑ ነው።

እነዚህ መድኃኒቶች ቤንዞዲያዜፒን ከሚባለው ወገን ናቸው። ለሚጥል በሽታ፣ ለከባድ ጭንቀት፣ ለቀዶ ሕክምና ዝግጅት በሐኪም እጅ ጥሩ ይሠራሉ። ሲጋራ ለማስተው ግን ማንም አልፈቀዳቸውም፤ እንደሚረዱም አልተረጋገጠም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለዚህ ሥራ የፈቀዳቸው ሰባት ናቸው፦ የኒኮቲን ፓች፣ ማስቲካ፣ የሚመጠጥ ከረሜላ፣ ኢንሄለር፣ የአፍንጫ ስፕሬይ፣ ከዚያም ቡፕሮፒዮንና ቫረኒክሊን የሚባሉ ሁለት ኪኒኖች። ከሰባቱ አንዱም ማስተኛ አይደለም። ይኸው መሥሪያ ቤት በ2020 እ.ኤ.አ. በቤንዞዲያዜፒኖች ሁሉ ላይ ከፍተኛ የሚባለውን የሣጥን ማስጠንቀቂያ አጠናክሮ፣ ሱስ እንደሚያስይዙና በድንገት ሲቋረጡ ሕይወትን አደጋ ላይ እንደሚጥሉ እንዲጻፍባቸው አዟል።

እስቲ ጊዜውን አስሉት። ሲጋራ የተወ ሰው የሚከፋበት የመጀመሪያው ሁለትና ሦስት ቀን ነው፤ በሦስትና በአራት ሳምንት ውስጥ አብዛኛው ይበርድለታል። ኪኒኗን በየማታው ከዋጠ ደግሞ በእነዚያው ሳምንታት ሰውነቱ እሷን ይለምዳል። ሲጋራው ሊለቀው ሲል ኪኒኗ ትይዘዋለች። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው። ልዩነቱም ቀላል አይደለም፦ የኒኮቲን አምሮት ያነጫንጫል፣ ያስቆጣል እንጂ አይገድልም። የለመዱትን ቤንዞዲያዜፒን በአንድ ጊዜ መተው ግን ሰው አንቀጥቅጦ ሊጥል፣ ሊገድልም ይችላል።

አሁን ወደ ቡናችን ልምጣ፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። የሲጋራ ጭስ ጉበት ካፌይንን ቶሎ ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርገዋል። ይህን የሚያደርገው ጭሱ ነው፤ ኒኮቲኑ አይደለም። ሲጋራው ሲቆም ጉበት በቀናት ውስጥ ወደ ዝግታው ይመለሳል። ሰውየው ግን ያንኑ አቦል፣ ያንኑ ቶና፣ ያንኑ በረካ ይጠጣል። በደሙ ውስጥ የሚቀረው ካፌይን እስከ እጥፍ ሊደርስ ይችላል። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡ ይመታል፣ ሌሊቱን ጣሪያ ሲቆጥር ያድራል። «የሲጋራው ጣጣ ነው» ይላል፤ እኛም ኪኒን እናቀብለዋለን። ግማሹ ጣጣ የእኛው ጀበና ሊሆን ይችላል! ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቡናውን በግማሽ ይቀንስ፤ ከሰዓት በኋላም ይለፈው። ባለ ቤቷም «በረካማ ሳትጠጣ አትሄድም» ብላ አታስጨንቀው። ቡናችንን የሚያህል ነገር እንደሌለ እኔም አምናለሁ፤ ግን አንድ ወር ነው።

በማሽከርከር ለሚኖሩ ወንድሞችና እህቶች የተለየ ቃል አለኝ። ስንቶቻችሁ ከሲታክ ኤርፖርት መሀል ከተማ በኡበርና በታክሲ ትመላለሳላችሁ። ማታ የተዋጠ ቫሊየም ጠዋት ከሰውነት አይወጣም፤ ቀናት ይቆያል። ፍሬን የሚረግጠው እግር ይዘገያል፣ ሰውየው ግን ደህና የሆነ ይመስለዋል። በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ሕግ ደግሞ በመድኃኒት ደንዝዞ ማሽከርከር ሰክሮ ከማሽከርከር እኩል ያስከስሳል፤ «ሐኪም ያዘዘልኝ ነው» ማለት አያድንም። የሌላ ሰው ኪኒን ከሆነማ መስጠቱ ራሱ ወንጀል ነው። ሲጋራ ስታጨሱ የማያደነዝዛችሁ የነበረ የኪኒን መጠን ሲጋራውን ስትተዉ ሊከብዳችሁ እንደሚችልም እወቁ።

ለዓመታት በጭስ የተጎዳ ሳንባ ያለው ሰው ደግሞ እንደ እነዚህ ኪኒኖች ትንፋሽ ከሚያዘገይ መድኃኒት ጋር አይስማማም። መጠጥ ወይም ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ከተጨመረበት ትንፋሹ እስከ መቆም ሊደርስ ይችላል። ኪኒን ውጦ ከዚያ በኋላ «አንዲት ብቻ» ብሎ ሶፋ ላይ ሲጋራ የለኮሰ ሰው ደግሞ እንቅልፍ ከጣለው ቤተሰቡን ይዞ ሊቃጠል ይችላል። ከመንገድ ላይ ስለሚገዛው «ዛናክስ» ብዙ አልናገርም። ፈንታኒል የተደባለቀበት ሐሰተኛ ኪኒን በሞላበት በኪንግ ካውንቲ በ2023 እ.ኤ.አ. ብቻ ከ1,300 በላይ ሰው ከልክ ባለፈ አደንዛዥ ዕፅና መድኃኒት ሞቷል።

ለምን እዚህ ደረስን? እኔ እንደማየው ዋናው ነገር ድብቅነት ነው። አጫሻችን ከእናቱ፣ ከንስሐ አባቱ፣ ከኢማሙ፣ ከልጆቹ ተደብቆ ያጨሳል። ከ2005 እ.ኤ.አ. ሕዝበ ውሳኔ ወዲህ የዋሽንግተን ሕግ ከሕንፃ በር 25 ጫማ አርቆታል፤ ዝናቡን ግን አልከለከለለትም። እኛ ደግሞ ከዚያ አርቀን፣ ወሬውን ሁሉ ከቤት አስወጥተነዋል። የምታጨስ ሴት ስትሆንማ ድብቅነቱ እጥፍ ነው። ተደብቆ ያጨሰ ተደብቆ ይተዋል፤ ተደብቆ የሚተው ሰው የሚያገኘው መድኃኒት በሶፍት የተጠቀለለው ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ያሉት አባቶቻችን ይህን አይተው ይመስላል።

ድብቅነቱ ሌላም መዘዝ አለው። ሲጋራ ለሚተው ሰው ሐኪም ቡፕሮፒዮን ሊያዝለት ይችላል። ይህ መድኃኒት ቤንዞዲያዜፒን በድንገት ለሚያቋርጥ ሰው ክልክል ነው፤ መንቀጥቀጥ ሊያስነሳ ይችላልና። በሽተኛው ስለ ጓደኛው ኪኒን ካልተናገረ ሐኪሙ ከየት ያውቃል?

አገር ቤት መድኃኒት መዋዋስ ከችግር የመጣ ብልሃት ነበር፤ ሐኪም ሩቅ ነበርና። ቢከን ሂል ግን የሐኪም አገር ነው። በሰሜን ጫፉ ፓሲፊክ ታወር ቆሟል፤ ወደ ደቡብ ሲሄዱ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል አለ፤ 60 ቁጥር አውቶቡስ ወደ ሀርበርቪው ሆስፒታል ያደርሳል። የሀርበርቪው ሰዎች ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኤትኖሜድ በተባለው ሥራቸው የእኛን ባህል ለሐኪሞች ሲያስረዱ ኖረዋል። እነሱ እኛን ለማወቅ ይህን ያህል ከደከሙ እኛ በሩን ማንኳኳት አያቅተንም። አስተርጓሚ በነጻ ማግኘት መብታችሁ ነው፤ ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት፤ በልጅ ፊት ሱስ አይወራም። የክፍለ ግዛቱን አፕል ኸልዝ ጨምሮ ብዙው ኢንሹራንስ ሐኪም ማዘዣ ከጻፈ ፓቹንም ማስቲካውንም ይከፍላል። ቫረኒክሊን «ያሳብዳል» የሚለውን ወሬ ከሰማችሁ፣ ከስምንት ሺህ በላይ ሰው የተሳተፈበት ትልቅ ጥናት ስጋቱን ካቀለለው በኋላ የሣጥን ማስጠንቀቂያው በ2016 እ.ኤ.አ. ተነስቷል።

እንግዲህ እንነሳ! እናቶች፣ ዛሬ ማታ መሳቢያችሁን ክፈቱ። ያልተጨረሰ፣ ጊዜው ያለፈ፣ ከማን እንደመጣ የማይታወቅ ኪኒን ሰብስቡ። በክፍለ ግዛቱ ሕግ መሠረት ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በብዙ ፋርማሲዎች የመድኃኒት መመለሻ ሣጥን ተቀምጧል፤ ነጻ ነው፣ ስም አይጠየቅም። ሐኪም ያዘዘላችሁንና በየቀኑ የምትወስዱትን ግን አትጣሉት፤ በራሳችሁም አታቋርጡት፤ ቀስ በቀስ የሚቀንስላችሁ ሐኪሙ ነው። የዕድር ሰብሳቢዎች፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ከመዋጮው በፊት አምስት ደቂቃ ለዚህ ስጡ። ነርስና ፋርማሲስት የሆናችሁ ልጆቻችን፣ ከቅዳሴ በኋላ ወይም ከጁምዓ በኋላ ወንበር ስባችሁ ተቀመጡና ጥያቄ ተቀበሉ። ካህናትና ኢማሞች፣ በጾም ወራት ሲጋራ የሚያቆመው ብዙ ነው፤ «በርታ» ብቻ ሳይሆን «ሐኪም አይተሃል?» በሉት።

ሾፌሮች፣ ከመሀላችሁ አንዱ ሲተው ሁለታችሁ ተረኛ ሁኑለት። አምሮቱ የሚጠናው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ሲደውል ስልክ አንሱ፤ ፈረቃ ሲያልቅ ጄፈርሰን ፓርክን አብራችሁት ዙሩ። ቢወድቅ አትሳቁበት፤ ብዙው ሰው ደጋግሞ ሞክሮ ነው የሚተወው።

የሲጋራ ማቆሚያ ምክር ስልኩ 1-800-784-8669 ነው። ሲያነሱት «አምሃሪክ» በሉና ጠብቁ፤ አስተርጓሚ ያገናኟችኋል። ብቻውን መደወል ለሚያፍር ሰው አጠገቡ ተቀመጡና ቁጥሩን እናንተ ምቱለት።